የኪሱን ዜማ ለቤቱ ስለ ማሰማት

በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎተራ እስከ ሳሪስ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ድረስ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚኖር ቤተ ሰብ፣ አባት በስልኩ፣ እናት በስልኳ፣ ልጆችም በየጆሯቸው ባስገቡት ማዳመጫ፣ አንዱ ከሌላው ዜማ ተለይቶ በአንድ ሳሎን ውስጥ የሚያመሽበት ዘመን ስለ ደረሰ፣ በኪስ ይዘነው የምንዞረውን ሙዚቃ አውጥቶ ለቤቱ ሁሉ የሚያሰማ መጠነኛ የስቴሪዮ መሣሪያ መግዛት ከቤተ ሰብ ኑሮ ጋራ የተያያዘ ቁም ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያምን ሰው ደግሞ መሣሪያው እንዴት መመረጥ እንዳለበት በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የሚገዛ መሣሪያ በጩኸቱ ብርታት፣ በመብራቱ ብልጭታና በካርቶኑ ላይ በታተመው የዋት ቁጥር መመዘኑ ቀርቶ፣ ዝግ ተደርጎ ሲከፈት የሰውን ልሳን አጥርቶ በማሰማቱ፣ ሁለቱ ስፒከሮቹ ተራርቀው መቀመጥ በመቻላቸውና ዛሬ የያዝነውንም ነገ የምንይዘውንም ስልክ ያለ አድልዎ በመቀበሉ ይመዘን።

ነፋስ ስልክ ስለ ድምፅ ለመናገር ባዕድ ስፍራ አይደለም። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከሽቦ አልባው የመገናኛ ጣቢያ ሲሆን፣ በዚሁ በአቃቂ አቅጣጫ የቆመው የሬዲዮ ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዋዜማ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ያሰማ ነበር፤ ዛሬም በለቡ ሙዚቃ ሰፈር ተብሎ የሚጠራ መንደር አለ።

የተቀረጸ ዜማ ወደ አገራችን ቤቶች ሲገባ በባሕርዩ የጋራ ሀብት ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ምእት ዓመት የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ያን ሸክላ የሚያሰማው የግራሞፎን ቀንድ በክፍሉ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ፣ ጌታውንም ሎሌውንም፣ ሳይለይ የሚያሰማ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን መሥርተው፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ በድፍረት የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ካሳተሙ ወዲህ፣ እነ ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ የተሳተፉባቸው ከመቶ የማያንሱ ትናንሽ ሸክላዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጥተው በየቡና ቤቱና በየሳሎኑ ሲሽከረከሩ፣ የሚያዳምጣቸው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያዳምጥ ሕዝብ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ካሴት የሸክላን ስፍራ ሲወስድም ቴፕ የሚባለው መሣሪያ ከቡፌው ላይ ተቀምጦ፣ ብዙ ጊዜም የእጅ ሥራ ዳንቴል ለብሶ፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር ይከፈት ነበር።

የመለያየቱ ነገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 የጃፓኑ ሶኒ ዎክማን የተባለውን ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ባወጣ ጊዜ ነው፤ አፕልም በ2001 አይፖድን ሲያወጣ፣ አምስት ጊጋ ባይት በምትይዝ አንዲት ዕቃ ውስጥ ሺህ ዘፈን ተሸክሞ መሄድ ተቻለ። ዛሬ በሳሪስና በመካኒሳ መንገድ ዳር ሚሞሪ የሚሞሉ ወጣቶች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዘፈን በጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ይጭኑልናል። ይህን ሀብት አላቃልልም፤ በዘመናት ሁሉ እንዲህ ያለ የዜማ መዝገብ በአንድ ድኻ እጅ ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን መዝገቡ እየሰፋ በሄደ መጠን አዳማጩ ብቻውን እየቀረ መሄዱ፣ በተጨማሪም የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው ጆሮ የወሰነው መጠን ዴሲቤል በሚባለው የድምፅ ብርታት መለኪያ በ80 ልክ በሳምንት 40 ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ በታክሲ ጫጫታ ውስጥ ማዳመጫውን እስከ ዳር የሚከፍት ወጣት ይህን ልክ ሳያውቀው የሚያልፍ መሆኑ፣ ሙዚቃው ቢያንስ ከቤት ሲገባ ከጆሮ ወጥቶ በአየር ላይ ይሰማ ዘንድ የሚያስገድድ ምክንያት ነው።

ወደ ገበያው ስንሄድ መጀመሪያ የሚገጥመን የዋት ነገር ነው። በሱቁ ደጃፍ ተደርድረው ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጩት ስፒከሮች ካርቶናቸው ላይ ብዙ ሺህ ዋት ተጽፎባቸው ይታያሉ፤ ከቁጥሩም አጠገብ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚሉ ፊደላት ይገኛሉ። ይህ ቁጥር መሣሪያው ለቅጽበት ታክል እንኳ ሊደርስበት ይችላል ተብሎ በሻጩ ፈቃድ የሚገመት እንጂ አንድ ወጥ መለኪያ የሌለው በመሆኑ፣ ለገዢው የሚረባ ፍሬ የለውም። የሚረባው አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው፣ መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። ይህም ካልተጻፈ መሣሪያውን አዙሮ በጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ማንበብ ይበቃል፤ ከሶኬት 30 ዋት ብቻ የሚወስድ ዕቃ ሺህ ዋት ድምፅ ሊያወጣ አይችልምና፤ ከወሰደው የሚበልጥ የሚሰጥ መሣሪያ በፍጥረት ሥርዓት ውስጥ የለም።

እንዲያውም ብዙ ዋት ምን ሊያደርግልን? ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን ኃይሉ ዐሥር ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። አንድ ተራ የቤት ስፒከር አንድ ዋት ብቻ ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል አካባቢ ያሰማል፤ ይህም ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው እንኳ ከሞቀ ጨዋታ የሚበልጥ ድምፅ ነው። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል መሆኑን፣ በኮንዶሚኒየም ውስጥም የላይኛው ወለል ለታችኛው ጣራ፣ የአንዱ ግድግዳ ለሌላው ግድግዳ መሆኑን ስናስብ፣ ከእያንዳንዱ ስፒከር 15 ወይም 20 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ መሣሪያ ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ መሆኑን እንረዳለን። በአልጋው ላይ የተኛ ሕመምተኛ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፣ ሌሊት ሠርታ ቀን የምታርፍ ነርስ ከግድግዳው ወዲያ አሉ፤ የእነርሱን ዕረፍት የሚነጥቅ ዋት በገንዘብ መግዛት ለእኔ ነውር ነው።

ሁለተኛው ነገር የስፒከሮቹ መራራቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት ሲቆም መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ እየተመሩ፣ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ወገን ሲቀበል፣ በመካከል ቆሞ የሚያዳምጥ ምእመን ዜማው ከወዲህ ወጥቶ ወደዚያ ሲሻገር፣ ጸናጽሉም ከበሮውም በየስፍራቸው ሲመቱ በጆሮው ያያል ማለት ይቻላል፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የባለቤትነት ማረጋገጫ የጠየቀበት የስቴሪዮ ጥበብም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሁለት ጆሮዎች ከሁለት ወገን የሚደርሳቸውን ድምፅ በጊዜውና በብርታቱ አነጻጽረው ሥፍራውን ይለያሉ። እንግዲህ ሁለቱን ስፒከር በአንድ ሳጥን ውስጥ በአንድ ስንዝር ርቀት ሰፍቶ በላዩ ላይ ስቴሪዮ ብሎ መጻፍ ጆሮን ማታለል ነው፤ ስለዚህም ከአንድ ትልቅ ሳጥን ይልቅ በገመድ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖችን እመርጣለሁ። በሁለቱ መካከል ሁለት ሜትር ገደማ ትቶ፣ ከተቀመጥንበት ወንበር ጋራ ባለ ሦስት እኩል ጎን ቅርጽ እንዲሠሩ አድርጎ፣ በየሳጥኑ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት የትናንሾቹ ስፒከሮች ቁመት ከጆሮ ጋራ ትክክል ሆኖ፣ ከግድግዳውም ጥቂት አርቆ ማስቀመጥ ይገባል። ከማዕዘን ጋራ የተጠጋ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ከልኩ በላይ ያሳብጠዋል፤ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ እየመለሱ ያስጮኹታል፤ ወፍራም መጋረጃና አንድ ምንጣፍ ይህን ስለሚያለዝቡ፣ ለሌላ መሣሪያ የሚወጣው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ለምንጣፍ ቢውል ይሻላል። የቆዩት የአማርኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ በአንድ መስመር ብቻ የተቀረጹ ቢሆኑም፣ በትክክል በተቀመጡ ሁለት ስፒከሮች ሲሰሙ የድምፃዊው ልሳን ከመካከል፣ ከባዶው አየር ላይ የሚወጣ መስሎ ይሰማል፤ ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ወደ አንዲቱ ሳጥን አይመለስም።

ሦስተኛው የማገናኛው ጉዳይ ነው፤ በዚህ ብዙ ሰው ተጎድቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 ባለ 30 ጥርስ መሰኪያ ይዞ ሲመጣ፣ አይፖዱን ወይም ስልኩን በአናታቸው ላይ የሚያስቀምጡ ያማሩ መሣሪያዎች በዓለም ሁሉ ተሸጡ፤ ወደ አገራችንም ከውጭ አገር ዘመዶች በስጦታ እየተላኩ ገቡ። በ2012 ኩባንያው መሰኪያውን ለወጠ፤ በ2023 ደግሞ እንደ ገና ለወጠ፤ እነዚያ መሣሪያዎች ስፒከራቸው ምንም ሳይሆን በሩ የተዘጋ ቤት ሆኑ። በአንጻሩ ያቺ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የማዳመጫ ቀዳዳ በ1979ኙ ዎክማን ላይ የነበረች፣ ዛሬም በብዙ ስልኮችና በብዙ ደኅና መሣሪያዎች ጀርባ ላይ ያለች ናት፤ ስልኩ ቀዳዳ የሌለው ሰውም በትንሽ ዋጋ በሚገዛ ማሸጋገሪያ ይጠቀምባታል። ስለዚህ በዚህች ቀዳዳ የሚሰካው ኦክስ የሚባለው ገመድ የማይገባበትን መሣሪያ፣ ሌላው ጌጡ ምንም ቢበዛ፣ አትግዙ እላለሁ። ብሉቱዝ ከዚያ በላይ ሲጨመር መልካም ነው፤ እንግዳው ከወንበሩ ሳይነሣ የራሱን ዘፈን ያሰማበታልና። ነገር ግን ድምፁን ለማስተላለፍ እንደ ገና ስለሚጨምቀው ብቻውን አይበቃም። ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳም ስልክ ሲደወል ሙዚቃው እንዳይቋረጥ ስለሚያደርግ በእኛ ቤት ጥቅሙ ብዙ ነው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ያለው ቢሆን ደግሞ ሸገር 102.1ንም አዲስ 97.1ንም ለቤቱ ያሰማል። በገመድ ሲያገናኙ የስልኩን ድምፅ ወደ ላይኛው ጠርዝ አቅርቦ ማጉላትና መቀነሱን በመሣሪያው ማድረግ ጥሩ ነው፤ ስልኩን አሳንሶ መሣሪያውን ማጮኽ የፉጨቱን ድምፅ አብሮ ያጎላዋል።

ስለ ዘፈኑ ቅጂም አንድ ነገር ልበል። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎ ቢት ሲሆን፣ ሚሞሪ ሞይዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጭኑልን ከ128 የማይበልጥ ነው። ቦታ ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን 32 ጊጋ ባይት የምትይዝ ካርድ በ320 ኪሎ ቢት የተቀዳ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ሰዓት በላይ ስለምትይዝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደጋግሞ የተጨመቀ፣ የጸናጽሉ ድምፅ የውኃ ፏፏቴ የሚመስል ቅጂ ለመጫን ምክንያት የለም። መልካም ስፒከር የክፉ ቅጂን ክፋት ይገልጣል እንጂ አይሸፍንም።

ከሁሉ በላይ ልጽፍበት የምሻው ስለ ፈተናው ነው። ሻጩ መሣሪያውን የሚያሰማን ለዚሁ በተመረጠ፣ ከበሮው ብቻ በሚመታ የባዕድ ሙዚቃ ነው፤ በእርሱ ሁሉም ሳጥን ያማረ ይመስላል። ገዢው ግን የራሱን ፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ በፍላሹም ላይ አስቀድሞ በገና ይኑር። የዓለሙ አጋን የበገና ቅጂ የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ የዐሥሩ አውታር ድምፅ ወፍራም ሆኖ ሳለ ከአውታሩና ከመቆሚያው መካከል በምትገባው ቁራጭ ጠፍር የተነሣ እንደ ንብ የሚያነበንብ ቀጭን ጠርዝ አለው። ባሱ እንዲያብጥ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ወፍራሙን አጓርቶ ያን ጠርዝ ይውጠዋል፤ ቀጭኑን ብቻ የሚያሰማ ርካሽ ዕቃ ደግሞ ማነብነቡን ትቶልን የበገናውን ግርማ ይወስድብናል። ሁለቱን አስማምቶ፣ የባለ በገናውንም ዝቅ ያለ ልሳን ከአውታሩ ሳይቀላቅል የሚያሰማ መሣሪያ ከተገኘ ሌላውን ፈተና ያልፋል ብሎ መገመት ይቻላል።

ቀጥሎ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ወይም ሌላ የምትወዱትን ድምፃዊ፣ ቃሉን በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈን አሰሙ። ቋንቋችን ጠን፣ ጨን፣ ጸን፣ ቀን የመሳሰሉ ፈንድተው የሚወጡ ፊደላት ያሉት በመሆኑ ለስፒከር መፈተኛ እጅግ የተመቸ ነው፤ እነዚህ ፊደላት ሲነገሩ የሚፈነጥቀው አጭርና ቀጭን ድምፅ ንጹሕ የቀጭን ድምፅ ስፒከር ይፈልጋልና። ጸው ወደ ሰ፣ ጠውም ወደ ተ የሚጠጋበት መሣሪያ የዘፈኑን ዜማ ቢያሰማም ቅኔውን ይገድላል፤ በሰምና ወርቅ የሚዘፍን ሕዝብ ደግሞ አንዲት ፊደል ስትጠፋ ወርቁ እንደሚጠፋበት ያውቃል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ የጭራው ፍትጊያ ከሰው ጉሮሮ ጋራ የሚቀራረብ ስለ ሆነ ድምፁ ከአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለ ሳጥኑ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት ነው፤ እጅን በሳጥኑ ጎን አሳርፎ መዳሰስም ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባስ የሚጨምሩት ቁልፎች ተዘግተው፣ ድምፁም ሁለት ሰው ሳይጮኽ ሊነጋገርበት በሚችልበት ልክ ተከፍቶ ነው። ማንም መሣሪያ ሲጮኽ ጉድለቱን ይሸሽጋል፤ ዝግ ሲል ግን ሥራው ይገለጣል፤ በቤታችንም አብዛኛውን ጊዜ የምናዳምጠው ዝግ አድርገን ነው።

በባትሪ የሚሠራው አንድ ሳጥን መብራት ሲጠፋም ይጫወታል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖር ተማሪም እንዲያ ያለው ዕቃ ተገቢ ነው። ለቤተ ሰብ ግን ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚደክምና አብዛኛውን ጊዜ ሊለወጥ የማይመች በመሆኑ፣ ዕድሜው የባትሪው ዕድሜ ብቻ የሆነ ሳጥን መግዛት ኪሳራ ነው። በመብራት ለሚሠራው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት መንቀል፣ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት መቆየት፣ የሚቻል ከሆነ በስታብላይዘር ማሠራት ያሻል። ከአሜሪካ የተላከ መሣሪያ በ120 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይነበብ፤ በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ቀን የተቃጠለ ስጦታ ጥቂት አይደለም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ደግሞ የአባቱን አሮጌ ቴፕ አይጣል፤ በጀርባው ኦክስ ወይም የቀይና የነጭ መሰኪያ ካለው ስልኩን በገመድ ተቀብሎ ከብዙ አዲስ ዕቃ በተሻለ ያሰማል። የስፒከሩ ጠርዝ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ከዐሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በኋላ ስለሚፈረፈር ባለ ሞያ ያድሰው፤ ከላስቲክ የተሠራው ግን ረጅም ዕድሜ አለው።

ለነጋዴዎቻችን የማቀርበው ልመና አለ። ደንበኛ ሊገዛ ሲመጣ በደጃፉ የሚጮኹትን ሌሎች ስፒከሮች ለጊዜው ዝጉለት፤ አንድ ወንበር ስጡትና የራሱን ፍላሽ ሰክቶ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳይጣደፍ ያዳምጥ፤ እውነተኛውን የአር.ኤም.ኤስ. ዋት በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በዕቃው ላይ ለጥፉ፤ ቤቱ ወስዶ ካልተስማማውም በሳምንት ውስጥ ሳይጎዳ እንዲመልሰው ፍቀዱለት። ይህን የሚያደርግ የሳሪስ ወይም የጎፋ ነጋዴ ባገኝ፣ ዋጋው ከጎረቤቱ ጥቂት ቢበልጥ እንኳ፣ ዘመዶቼንና ወዳጆቼን ወደ እርሱ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።